እግዚአብሔር የዕቁብ ዳኛ አይደለም

ልጅ ሆኜ ማታ ከመተኛቴ በፊት 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እል ነበር። መቁጠሪያ አልነበረኝም። በጣቴ አንጓ ነበር የምቆጥረው። ችግር የሚመጣው 27 አካባቢ ስደርስ ነው። ሳሎን ውስጥ አንዱ ይስቃል፣ ወይም የነገው የሒሳብ ፈተና ትዝ ይለኛል። አሁን 27 ነበርኩ ወይስ 28? በቃ፣ እንደገና ከአንድ። አንዳንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እጀምረዋለሁ። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ የምቆጥረው አንዷ እንዳትጎድል ነው። ብትጎድል ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም። የሆነ ነገር እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። እናቴ ትታመማለች፣ ወይ ፈተና እወድቃለሁ።

ትዝ ሲለኝ የሚያስቀኝ ቃሉ ነው። «ማረን» ነው የሚለው። እኔ ምሕረት እየለመንኩ ሒሳብ እሠራ ነበር።

ይህን የማወራው ጸሎቱን ለመንቀፍ አይደለም። አሁንም እጸልየዋለሁ። የምጽፈው «በሕግ ማመን» እና «በፍቅር ማመን» ሲባል ልዩነቱ ምን እንደሆነ በቀላል አማርኛ ለማስረዳት ነው። ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ግን ሁለት ዓይነት ሃይማኖት ያለ ይመስል አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ተደርጎ ነው የሚቀርበው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንድ ሰው ያንኑ ጾም እየጾመ፣ ያንኑ ጸሎት እየጸለየ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ጎረቤቱ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ብዙዎቻችን ከእግዚአብሔር ጋር የገባነው ዕቁብ ነው። ጾም፣ ጸሎት፣ አስራት፣ ስለት እንጥላለን። ከዚያ ዕጣችን እንዲወጣ እንጠብቃለን። ሥራ፣ ትዳር፣ ጤና፣ ቪዛ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥተ ሰማያት። ዕቁብ በራሱ ምን ይወጣለታል? ስንቱ ሱቅ የከፈተው በዕቁብ ነው። ነገር ግን ዕቁብ ውስጥ ፍቅር አይጠየቅም። የዕቁቡ ዳኛ ይውደድህ አይውደድህ ጉዳይህ አይደለም። ጣልክ ወይስ አልጣልክም ነው ጥያቄው። ካልጣልክ ይደወልልሃል። ዋስህ ይጠራል።

ሃይማኖታችን ዕቁብ መሆኑን የምናውቀው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ሳንጥል ስንቀር የሚመጣው ፍርሃት ነው። ረቡዕ ቀን ረስቶ ማኪያቶ የጠጣ ሰው ከሰዓት በኋላ መኪናው ቢገጭ «አውቄዋለሁ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ጥለን ጥለን ዕጣው ሳይወጣ ሲቀር የሚመጣው ቂም ነው። «ይህን ሁሉ ዘመን ጾሜ፣ ቁልቢ ድረስ ሄጄ፣ ለምን ልጄ ታመመብኝ?» ይህ ጥያቄ የእውነት ያማል፤ ማንንም በዚህ አልነቅፍም። ግን ውስጡ የተቀበረ ደረሰኝ አለ። ቂሙ ደግሞ ወደ ሰውም ይሄዳል። «እሱ መቼ ጾሞ ያውቅና ነው እንዲህ የተሳካለት?»

ይህን ነገር አባቶች ያወቁት ዛሬ አይደለም። ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ መነኮሳት ሥርዓት ሲጽፍ ሰው እግዚአብሔርን የሚታዘዘው በሦስት መንገድ ነው ብሎ ነበር። ቅጣት ፈርቶ የሚታዘዝ እንደ ባሪያ ነው። ደመወዝ ፈልጎ የሚታዘዝ እንደ ቅጥረኛ ነው። አዛዡን ወድዶ የሚታዘዝ ደግሞ እንደ ልጅ ነው። ልብ በሉ፣ ሦስቱም ይታዘዛሉ። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሦስቱም ሰንበት ጠዋት ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ቆመው ይገኛሉ። ልዩነቱ «ለምን?» የሚለው ላይ ነው።

አሁን ሁላችንም የምናውቃትን የጠፋውን ልጅ ታሪክ በእነዚህ ሦስት ቃላት እናንብባት። ሉቃስ 15። ብዙ ጊዜ የምትሰበከው ስለ ታናሹ ነው። ገንዘቡን በተነ፣ ተራበ፣ ተመለሰ። እኔን የሚገርመኝ ግን ልጁ እዚያ እሪያ እየጠበቀ የተለማመዳት ንግግር ናት። አንድ ሰው አለቃውን ጭማሪ ሊጠይቅ ሲሄድ መንገድ ላይ ቃላቱን እንደሚለማመደው ዓይነት። «አባቴ ሆይ፥ በሰማይና በፊትህ በደልሁ፥ ወደ ፊትም ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊል ነው ያሰበው። ሞያተኛ ማለት እዚህ ቅጥር ሠራተኛ ነው። ልጅነቱን እንደማይመለስለት ቆጥሮታል። ስለዚህ ሌላ ውል ይዞ መጣ። እሠራለሁ፣ ትከፍለኛለህ፣ እበላለሁ።

አባቱ ገና ከሩቅ አይቶ ሮጠ፣ አቀፈው፣ ሳመው። ከዚያ ልጁ የተለማመዳትን ጀመረ። «በሰማይና በፊትህ በደልሁ፥ ወደ ፊትም ልጅህ ልባል አይገባኝም።» እዚህ ላይ ንግግሩ ይቆማል። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ቁጥር 19ን ከቁጥር 21 ጋር አስተያዩት። «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚለው ቁጥር 21 ላይ የለም። አባትየው ቃሉን ቆረጠው። «ቶሎ ልብስ አምጡ» አለ። በደሉን እንዲናገር ፈቀደለት፤ የቅጥር ማመልከቻውን ግን አልሰማም። ለጣቱ ቀለበት፣ ለእግሩ ጫማ። በዚያ ዘመን ባሪያ ባዶ እግሩን ነው የሚሄደው ይላሉ ተርጓሚዎች። ጫማው እንግዲህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታላቁ ወንድምስ? እሱ የትም አልሄደም። ቤት ነው የኖረው። ግን እርሻ ላይ ውሎ ሲመለስ ዘፈን ሰምቶ፣ አልገባም ብሎ ደጅ ቆመ። አባቱ ወጥቶ ሲለምነው ከአፉ የወጣችውን ቃል አያችኋት? «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ።» ልጅ ነው እኮ! የገዛ አባቱ ቤት ውስጥ ሆኖ ራሱን ባሪያ ብሎ ቆጠረ። ቀጥሎ ደግሞ ደረሰኙን አወጣ፤ ትእዛዝህን አልተላለፍሁም፣ ለእኔ ግን አንድ ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም። ስለ ወንድሙ ሲናገር «ወንድሜ» አላለም። «ይህ ልጅህ» ነው ያለው። የአባትየው መልስ አጭር ነው፤ «አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፥ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው።» ጥቦቱን ለምን እንዳልሰጠው እንኳ አላስረዳም። ጥቦቱ ድሮም የልጁ ነበር።

ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዱ ቅጥረኛ ሊሆን መጣ፣ ሌላው ባሪያ ሆኖ ኖረ። አንዳቸውም ልጅ መሆንን አልቻሉበትም። አንዱ ሕግ ጥሷል፣ አንዱ ጠብቋል። የጠበቀው ሰው ደጅ ቀረ። እስከ መጨረሻው ገባ አልገባ ታሪኩ አይነግረንም። ክርስቶስ ይህን የተናገረው ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል ብለው ለሚያንጎራጉሩ ፈሪሳውያን ስለነበረ፣ መልሱን ለእነሱ ትቶላቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ዘመዶች ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ዶሃ ሰው ቤት ትሠራለች። ዐቢይ ጾም ላይ በኢሞ ደወለችልኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ ማዳሟ ተኝታለች።

«ወንድምዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ዛሬ ሩዝ በዶሮ ሰጡኝ። ሌላ ምግብ የለም። ሩዙን ከዶሮው ለይቼ በላሁት። ግን መረቁ ነክቶታል። ገደፍኩ ማለት ነው?»

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ሌሊት ስድስት ሰዓት የምትተኛ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ መውጫ የላትም። እና የጨነቃት መረቁ ነው። ምን እንደምላት ጠፋኝ። «ንስሐ አባትሽ ጋ ደውዪ እህቴ» አልኳት። ደወለች። እሳቸው የመለሱላትን ማታ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «የሰጡሽን ብዪ ልጄ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል። እግዚአብሔር አንቺን እንጂ ሳህንሽን አይመለከትም» ብለዋት። እየሳቀች ነበር። እያለቀሰችም መሰለኝ።

የሚገርመው፣ እሷ ከምትኖርበት አካባቢ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ሰው ተነስቶ ነበር። በሶርያ ቋንቋ ቤት ቃጥራዬ ከሚባለው፣ የዛሬዋን ኳታር ከሚጨምረው የባሕረ ሰላጤ ምድር። እኛ ማር ይስሐቅ እንለዋለን። አዎ፣ ያው የምናውቀው ማር ይስሐቅ፤ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው፣ በጉባኤ ቤት በአንድምታ የሚተረጎመው። ነነዌ ላይ ጳጳስ አድርገው ሾሙት፤ አምስት ወር ቆይቶ ትቶት ወደ ተራራ ገባ። በመጨረሻ ከማንበብ ብዛት ዓይኑ ጠፋ ይባላል። (በነገራችን ላይ እኛ ንስጥሮሳዊት ከምንላት ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ነው። መጽሐፉ ግን ድንበሩን ሁሉ ዘልሎ የግሪኩም፣ የግብፁም፣ የእኛም መነኮሳት መጽሐፍ ሆነ።)

ማር ይስሐቅ በአንድ ትምህርቱ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር ይላል። እግዚአብሔርን «ትክክለኛ ከፋይ» ብለህ አትጥራው፤ በአንተ ላይ ያደረገው እንደ ፍርድ አይደለምና፣ ነው ሐሳቡ። ማስረጃ አድርጎ የሚያመጣው ሁለት ምሳሌ ነው። አንዱ የወይን ቦታው ሠራተኞች ናቸው፤ በ11ኛው ሰዓት መጥቶ አንድ ሰዓት የሠራው ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ከተንገበገበው እኩል አንድ ዲናር ተቀበለ። በዕቁብ ሕግ ይህ ጸብ ያስነሳል። ሁለተኛው ያው የጠፋው ልጅ ነው። ሀብቱን ሁሉ በትኖ ተመልሶ፣ ስለ ጸጸቱ ብቻ አባቱ ሮጦ አንገቱ ላይ ወደቀ፤ ታዲያ ፍርዱ የት አለ? ይላል። ይህን የጻፈው ዘና ያለ ሰው ቢሆን «ሕግ ከብዶት ነው» ባልን። የጻፈው ግን በጾምና በብሕትውና የኖረ ሰው ነው። ለዚህ ነው የማምነው።

እንግዲህ «እግዚአብሔር ያለ ቅድመ ሁኔታ ይወድሃል» ሲባል ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ቃሉን ብዙም አልወደውም። «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የብድርና የስምምነት ቋንቋ ነው፤ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። ልጇን የምታጠባ እናት እንዲህ ብላ አታውቅም። ግን ሌላ ቃል እስኪገኝ እንጠቀምበት። ፍቅሩ ከእኛ ሥራ በፊት የነበረ ነው፤ በሥራችን አልመጣም፤ ስለዚህ ሥራችን ሲጎድል አይሄድም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ታዲያ ሁሉም እንዳሻው ይሁን? ጾሙም ይቅር?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳውሎስንም ጠይቀውታል፤ ሮሜ 6 ላይ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ራሱ አንስቶ «አይደለም» ይላል።

በመጀመሪያ፣ መወደድና ከመዘዝ ማምለጥ የተለያዩ ናቸው። ታናሹ ልጅ ታቀፈ፣ ተሳመ፤ የበተነው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። «ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» የተባለው ለታላቁ ነው። መጠጥ ጉበቱን የጎዳው ሰው ይቅር ቢባልም ጉበቱን መታከም አለበት።

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ የሚገባኝ ነው። ቅጥር ሠራተኛ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል። ላሟ ሌሊት ልትወልድ ስታምጥ ግን በረት ውስጥ ፋኖስ ይዞ አብሯት የሚያድረው የቤቱ ልጅ ነው። ማንም አላዘዘውም። ማንም አይከፍለውም። ፍቅር ሰውን ሰነፍ ያደርጋል የሚል ሰው የሚወደውን ነገር ሲሠራ ራሱን አላየም ማለት ነው። አሁንም ልጁ በረት ውስጥ ነው፣ አሁንም ሥራው ከባድ ነው። የሚሠራው ግን ልጅ ለመሆን አይደለም። ልጅ ስለሆነ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ጾምም ሌላ መልክ አለው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ነን። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ይህን ሁሉ እንደ ዕቁብ ካየነው ከባድ ሸክም ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ሕመምተኛና አራስ ጹሙ ብላ አታስገድድም። ዕዳ ቢሆን ኖሮ ታሞም ይከፈላል፤ ባንክ መቼ «ታመሃልና ተወው» ብሎ ያውቃል? ቀኖናም እንዲሁ። አባቶች ቀኖና መድኃኒት ነው ይላሉ። ሐኪም ያዘዘልህን ኪኒን ስትውጥ ለሐኪሙ ዕዳ እየከፈልክ አይደለም። ስለትም ሁለት ዓይነት ነው። «ይህን ካደረግህልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብሎ መደራደር አለ። ደስታውን የሚያደርስበት አጥቶ ጃንጥላ ተሸክሞ የሚመጣም አለ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ጃንጥላው አንድ ዓይነት ነው።

የጴንጤ ወዳጆቼ እዚህ ድረስ አንብበው «እኛማ በጸጋ ነው የዳንነው» ብለው ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። እስቲ ቀስ። እሑድ «በጸጋ ነው» ይባላል። ሰኞ ጠዋት «ዛሬ ጥሞና አልወሰድኩም፣ ቀኔ ተበላሸ» ይባላል። ዓለማዊ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ጆሮው ገብቶ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲወቅስ የዋለ ጓደኛ አለኝ። «ዘር ዝሩ፣ እጥፍ ታገኛላችሁ» የሚለው ስብከትማ ግልጽ ዕቁብ ነው፤ ዳኛው ብቻ ሱፍ ለብሷል። የጸጋን ነገር አጥብቆ የሰበከው፣ የፕሮቴስታንቶች እንቅስቃሴ ጀማሪ ማርቲን ሉተር ራሱ ከዚህ ነው የጀመረው። በ1505 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ኤርፈርት ገዳም ገብቶ እንደ ሕጉ ሁሉን አደረገ። አንዳንዴ ስድስት ሰዓት ያህል ይናዘዝ ነበር ይባላል። ወጥቶ ደጁ ላይ ሲደርስ የረሳት ትዝ ትለዋለች። በምንኩስና ገነት የሚገባ ቢኖር እኔ ነበርኩ ብሎ ኋላ ጽፏል። እኔ ያንን ሳነብ 27 ላይ የጠፋብኝ ቁጥር ትዝ አለኝ።

ለዚህ ዓይነት ጭንቀት በላቲን ስም አውጥተውለታል፤ «ስክሩፑሉስ»፣ ትንሽ ሹል ጠጠር። ጫማ ውስጥ ገብታ በየእርምጃው የምትወጋ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወስዋስ ይሉታል፤ ውዱእ አድርጎ «በትክክል አላደረግሁም» እያለ እንደገና ውሃ የሚደጋግመውን ሰው ያውቁታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ይህ ነገር ከእምነት አልፎ የአእምሮ ሕመም ነው። ሐኪሞች ኦሲዲ ከሚሉት አንዱ መልክ ነው። መታከም ይችላል። እንደዚህ ላለ ሰው «እግዚአብሔር ይወድሃል፣ ዝም ብለህ እመን» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እሷንም እንደ አዲስ ሕግ ይቆጥራታል። «ዛሬ በደንብ አመንኩ ወይ?» እያለ ሌላ ቆጠራ ይጀምራል። ንስሐ አባትም ሐኪምም ያስፈልገዋል።

ለሌሎቻችንም ቢሆን መሻገሩ በአንድ ሌሊት አይሆንም። ልጅነታችን «እግዜር ይቆርጥሃል» በሚል ማስፈራሪያ የተሞላ ነው። ዳቦ የሰረቀን ልጅ ለማስቆም ትልቁን እሳት የሚጠሩ ሰዎች ናቸው ያሳደጉን። ክፋት አልነበረባቸውም። እነሱንም እንዲሁ ነው ያሳደጓቸው። ዮሐንስ «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል» ሲል ፍርሃቱ ቀድሞ ቤት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። የጋዛው ዶሮቴዎስ የሚባል የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴ ይህችን ጥቅስ ሲያብራራ ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው ይላል። አንዱ የጀማሪ ነው፤ ቅጣት ይፈራል። ሌላው የሚወድ ሰው ፍርሃት ነው፤ የሚወደውን እንዳያሳዝንና እንዳያጣ ይፈራል። የመጀመሪያው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይቀራል። በአባቱ ዱላ የማይመታ ትልቅ ልጅም እኮ አባቱን የሚያሳፍር ነገር ሲሠራ ፊቱ ይቀላል።

እኔ ለውጡን ያየሁት ስሳሳት በማደርገው ነገር ነው። ድሮ ስበድል ለጥቂት ቀናት ከጸሎት እሸሽ ነበር። ትንሽ ጥሩ ሥራ ሠርቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ልቅረብ ብዬ። ያ የልጁ የመንገድ ላይ ልምምድ ነው፤ ሞያተኛ ልሁን። አሁን ያንኑ ቀን ለመቅረብ እሞክራለሁ። ያፍራል ሰው። ግን ይቀርባል። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። አንዳንድ ሳምንት ዕቁቡ ተመልሶ ይመጣል።

ባለፈው ፍልሰታ ማታ ቆሜ እንደ ልጅነቴ በጣቴ አንጓ ጀመርኩ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።» ከሃያዎቹ መሃል ላይ የአክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ በዚያ ሰዓት ሳህን እያጠበች ይሆናል። ስለሷ አንዴ አልኩ። ስለ ማዳሟም አልኩ። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ። ቀኝ እጄን አየሁ፤ አውራ ጣቴ የትኛው አንጓ ላይ እንደነበረ አላስታውስም። ከአንድ አልጀመርኩም። ከነበርኩበት ቀጠልኩ። 35 ይሁን 50 እንጃ፣ ሚስቴ «ሹሮው ቀዘቀዘ እኮ» ስትል አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ወደ ማዕዱ ሄድኩ።